ገና እኮ ማታም አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባላችሁበት

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ከጀልባ ሥራው ሲመለስ ይዞት ይመጣል። እሱ ስፖርቱን ያነባል፣ እኔ የቀረውን። ባለፈው ሳምንት ስለ ገና ዝግጅት ያወጣችሁትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዶሮው አመራረጥ፣ ቅርጫው፣ ጠላው፣ ድፎው፣ የቀረ የለም። ነገር ግን ገጹ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተነስቶ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላስ? ገና እኮ ማታም አለ።

እስቲ በየቤታችን የሚሆነውን እንይ። ከኅዳር 15 ጀምረን ጾመን፣ ገሃዱን ውለን፣ ሌሊት አስቀድሰን፣ ሳይነጋ ጾም እንፈታለን። ረፋድ ላይ የቅርጫው መደብ ይደርሳል፤ ጥብሱ ይጠበሳል፣ ቁርጡም ይቆረጣል። ዘመድ ይገባል፣ ዘመድ ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ በየሶፋው ተዘርሯል፤ ከእናትየው በቀር። እሷ ዕቃ እያጠበች ነው። ማታ አንዱ ልጅ ከእንቅልፉ ነቅቶ "እማዬ ራበኝ" ሲል "ድስቱ ውስጥ አለልህ" ይባላል። ልጁም ቆሞ፣ ከድስቱ እያጠቀሰ ይበላል። የገና እራት የምንለው እንግዲህ ይኸው ነው።

እኔ ቤት ግን ትልቁ ማዕድ የማታው ነው። ይህን ያመጣሁት በብልሃቴ አይደለም፤ ኑሮ ነው ያመጣው። ባለቤቴ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳል፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሌላው በዓል የሆነው ቀን ለጀልባ ነጂ የሥራ ቀን ነው። እንግዳው እንደ ድሮው ባይሆንም በገና ቀን ገዳማቱን ልሳለም፣ ልይ የሚል ሰው አይጠፋም። ጠዋት ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ከዚያ ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። (ክብራን ገብርኤልን እሱ ስንት መቶ ጊዜ እንደረገጠው ራሱም አያውቀው። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጀልባ ላይ ሆኜ ዛፎቹን ነው የማውቃቸው። ማማረሬ አይደለም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው።) ስለዚህ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ስንፈታ እሱ ሁለት ሦስት ጉርሻ ጎርሶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ ይወጣል። የሚመለሰው ሲመሽ ነው።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እናቴ የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች፤ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከተከፈተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የገባችው። "ፈረቃ በዓል አያውቅም" ትል ነበር። ልጆች ሆነን ገና ለእኛ የሚገባው እሷ ስትገባ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ዳቦውን ትቆርስልናለች። ስለዚህ ባል መጠበቅን ያስተማረኝ እናት መጠበቅ ነው ማለት ይቻላል።

የማታው እራት መልክ የያዘው ግን በ2006 ነው። ያን ዓመት ገና ማክሰኞ ዋለ። ይህን የማስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገና ማክሰኞ ሲውል ማግስቱ የረቡዕ ጾም ስለሆነ የተረፈው ሁሉ የሚበላው እዚያው ማታ ነው፤ አለዚያ እስከ ሐሙስ መጠበቅ ነው። ባለቤቴ ስምንት እንግዶች ጭኖ ዘጌ ሄደ፤ "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እቤት ነኝ" ብሏል። እኔም ድርሻውን፣ ፈረሰኛውን ጨምሮ፣ በትንሿ ድስት አድርጌ ከሰል ምድጃ ላይ ጣድኩለት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የጣናን ጠባይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ፊትህን የምታይበት መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ስልኩ አይነሳም። አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹን ቤት ትቼ ዳር ወርጄ ቆምኩ። ጎረቤቴ ስወጣ አይታኝ ኖሮ ሻሿን ጠምጥማ ከኋላዬ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ሙስሊም ናት፤ ከኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። "እታለም ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል" ትለኛለች፤ ራሷ ግን ንቅንቅ አትልም። ሁለታችንም ጨለማውን እያየን ቆምን።

ሁለት ሰዓት ገደማ ሞተር ሰማን። የእሱ ሞተር አልነበረም፤ የባሌን ሞተር ድምፅ በእንቅልፌም እለየዋለሁ። ለካ ካንዴላው ውሃ ገብቶበት ሐይቅ መሃል ቆሞ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ናቸው በገመድ እየጎተቱ ያመጡት። እንግዶቹ በርዷቸዋል እንጂ ሁሉም ደህና ነበሩ። እሱ በአንድ እጁ ጫማውን፣ በሌላው በደንገል የታሰሩ አራት ቆሮሶዎች አንጠልጥሎ ወረደ። አጥማጆቹ "ለልጆች የገና" ብለው የሰጡት ነው። ጎትተው አምጥተው፣ ገንዘብ አንቀበልም ብለው፣ በዚያ ላይ ዓሣ።

ቤት ስንደርስ ጭሱ በር ላይ ተቀበለን። ዶሮው አርሯል። ማረር ብቻ አይደለም፣ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኗል። ፈረሰኛው ራሱ የቱ ጋ እንዳለ አይለይም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት ሐይቁ ዳር ሳላለቅስ ቆሜ፣ ለዶሮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሊያባብለኝ "በቁሌቱ ይበላል" ሲል ልጆቹ ሳቁ፤ ቁሌትም አልነበረም።

ጎረቤቴ ድስቱን አየች፣ ዓሦቹን አየች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወጥታ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ መጥበሻዋንና ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ይዛለች። ያኔ ገባኝ። የእኔ መጥበሻ ሥጋ የነካው ነው። እስከዚያ ማታ ድረስ በስንት ዓመት ጉርብትናችን ገና በመጣ ቁጥር እኔ ቤት የምትቀምሰው ዳቦና ቡና ብቻ ነበር። የክርስቲያን ሥጋ አትበላም፣ እኛም የእስላም ሥጋ አንበላም፤ ይህ በአገራችን የኖረ ነው፣ ማንም በማንም አይቀየምበትም። በዒድ እሷ ለእኛ ዶሮ በክርስቲያን እጅ አሳርዳ፣ ለብቻ ድስት ታሠራለች። ዓሣ ግን አይታረድም፤ የማንም አይደለም። ያን ለታ አንድ ትሪ ከበን፣ እሷም ባለቤቴም ልጆቼም እኔም፣ ከአንድ እንጀራ ላይ ቆሮሶ በላን። ልጄ እሾህ አንቆት ሊገድለን ነበር፤ እሷ ናት ደረቅ እንጀራ አጉርሳ ያወረደችለት።

ከዚያ ወዲህ የገና እራታችን ዓሣ ነው። በጥብስና በዶሮ የከረመ ሆድም ማታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሥጋ በሥጋ ላይ ከመጨመር ይልቅ ሎሚ ያለው ነገር።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ከታጠበ በኋላ ጎንና ጎኑን በቢላ ጣት ስፋት እያራራቅሁ እተለትለዋለሁ፤ አጥንቱ ድረስ። በጨው፣ በሎሚና በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ትልታሉን እሞላለሁ። አንደኛው ስህተት እርጥቡን ዘይት ውስጥ መክተት ነው። በንጹሕ ጨርቅ ካልደረቀ ዘይቱ ፊትሽ ላይ ይዘላል፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው መቸኮል ነው፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል የገባ ዓሣ ዘይት ይጠጣል። ክንፉ ሲንኳኳ፣ ጅራቱ እንደ ቆሎ ሲሰበር ደርሷል። አዋዜ፣ ቃሪያ፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ ለስላሳ እንጀራ። ሌላ አትጨምሩበት።

ችግሩ ገና ዕለት አጥማጁም በዓል ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዋዜማው መግዛት ግድ ነው። አማቴ ገሃድ ቀን ቤት ውስጥ ዓሣ ሲላጥ ማየት አይወዱም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እኔ ጓሮ ወስጄ አጽድቼ፣ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከታች እደብቀዋለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ፤ "ምን ይሸተኛል?" ይላሉ እንጂ ማቀዝቀዣውን አይከፍቱም።

ዶሮውን እንዴት ታደርጊዋለሽ የምትሉኝ ይኖራላችሁ። ዶሮ የሌለው ገና አልኩኝ እንዴ! የተማርኩት ነገር ቢኖር ሁሉንም ሌሊት አለመጨረስ ነው። 12ቱን ብልት በአንድ ድስት እሠራለሁ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይቁላላ፣ በርበሬው ከቡሬ የመጣው ይሁን፣ ይህን ለጋዜጣ አንባቢ አላስተምርም። ሥጋው ግን ጊዜውን ይውሰድ። ልጄ ፊዚክስ ተምሮ ሲመጣ እንደነገረኝ ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 አካባቢ ነው፤ ዶሮም ቆላ ካለ ዘመድ ቤት ይልቅ እዚህ የሚዘገየው ለዚህ ነው። እኔ ዶሮው የአገር አውራ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ለማንኛውም ወጡ ሊወርድ ሲል፣ ንጥር ቅቤውና መከለሻው ከመግባቱ በፊት፣ ስድስቱን ብልት ከነወጡ በሌላ ድስት እቀንሳለሁ። ፈረሰኛው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ማንም አያገኘውም። እንቁላል አልጨምርበትም፤ ሁለት ጊዜ እሳት ያየ እንቁላል እንደ ኳስ ይነጥራል። ሲበርድ ማቀዝቀዣ ይገባል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ቀን አንድ ጊዜ በደንብ አፈላዋለሁ።

ማታ ድስቱ እሳት ላይ ሲወጣ ነው ቅቤውና መከለሻው የሚገባው፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ። አዲስ የተቀቀለው እንቁላልም ያኔ። ቤቱ እንደገና በዓል በዓል ይሸታል፤ የተኛው ሁሉ ሳይጠራ ይነሳል። የሞቀ ትራፊ አይደለም፤ አሁን የወረደ ወጥ ነው። ዶሮው ለብቻ በሌላ ትሪ ይቀርባል። እኔ ከጎረቤቴ ጋር ከዓሣው ትሪ አልነሳም፤ ፈረሰኛው የባለቤቴ ነው፣ ለልጆቹ ቆርጦ ቆርጦ ለራሱ አጥንቱን ያስቀራል።

ቄጤማውንም እንዲሁ ነው የማደርገው። ሰው ሁሉ የገዛውን ሌሊት ይጎዘጉዝና ቀን በፀሐይ ደርቆ፣ ማታ እንደ ገለባ እግር ላይ ይጠመጠማል። እኔ ከእስሩ ግማሹን ሥሩን ውሃ ባልዲ ውስጥ አቆመዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረቁን ጠርጌ እርጥቡን እጎዘጉዛለሁ። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ለቄጤማ መሰሰት የለበትም። ድፎም ሁለት እጋግራለሁ፤ ትልቁ ለቀን፣ ትንሹ ከነኮባው ተሸፍኖ እስኪመሽ ማንም አይነካውም። የሚቆርሰው ባለቤቴ ነው፤ መጀመሪያ ግን እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ቤንዚን የሸተተ ዳቦ አንዴ በልተናል፣ ይበቃል።

ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ለዚህ ሦስት ዓመት ተጣልቻለሁ። አምፖሉም ይጠፋና ጧፍ ይበራል፤ ልጄ መብራት የጠፋ መስሎት "ዛሬም?" ብሎ የሳቀው ቀን ትዝ ይለኛል። በጧፍ ብርሃን ሰው ቀስ ብሎ ይበላል፣ ደግሞ ዓሣ እሾህ ስላለው ቀስ ብሎ መብላት ግዴታ ነው። በመጨረሻ ቡና፤ የዘጌ ነው። ባለቤቴ ራሱ ከዘጌ ሰው ይገዛዋል። እዚያ መሬቱ አይታረስም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይላሉ፤ ቡናው ከጫካው ጥላ ሥር ነው የሚለቀመው። ሦስተኛው ሲቀዳ ባለቤቴ ዘጌ ላይ ወንዶቹ ያሳደዱትን የገና ጥንግ፣ ማን ማንን ሽንጡን እንደመታው ያወራል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይላል፤ ራሱ ግን በመመታቱ የሚቆጣ ሰው ነው።

አንድ ዓመት ሰው ልሁን ብዬ ነበር። "ለምን ትደክሚያለሽ፣ በሆቴል የገና እራት አለ" ተባልኩና ገንዘብ አጠራቅመን ሄድን። ስሙን አልጠራም። አንድ ሰዓት ያሉን ዶሮ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ፤ አምስት ሰዎች ነን፣ የቀረቡልን አራት መላላጭና አንድ አንገት ነው። አንድ ዶሮ ስንት እግር እንዳለው አስተናጋጁን ልጠይቀው ብዬ ተውኩት፤ የበዓል ቀን ነው፣ እሱም ከቤቱ ተለይቶ ነው የቆመው። ሙዚቃው ስላደነቆረን በጥቅሻ ስናወራ አመሸን። ጎረቤቴ ያን ማታ ብቻዋን ነበረች። እቤት ስንገባ መስኮቷ ላይ መብራት ነበር፤ አላንኳኳንባትም፣ አፈርን።

ስለ ዛፉም ጠቀስ አድርጋችኋል። ልጆች ካማራቸው የፕላስቲኩን ቢያቆሙ እኔ አልከራከርም፤ ሕያው ጥድ ቆርጦ ለሁለት ሳምንት ማድረቅን ግን አልወደውም። አንድ ነገር ብቻ ያስቀኛል፦ ቅርንጫፉ ላይ በረዶ ነው ብለን ጥጥ የምንበትነው። የባህር ዳር ሰው በታኅሣሥ ፀሐይ ሸሚዙን ፈትቶ፣ በረዶ ያምረዋል። እናቴ ብታየው "ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈተልኩት?" ትል ነበር።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ነው፤ ልደት ረቡዕም ዓርብም ቢውል ይበላልና ጭንቀት የለም። ልመናዬ አንድ ነው። የዋዜማ ዕትማችሁ ገና አልወጣም። የበዓሉን ገጽ ስትሠሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜም አንድ ዓምድ ስጡት። ፈረቃ ያለባቸው ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ ሾፌሮች፣ ጀልባ ነጂዎች ቤታቸው የሚገቡት ያኔ ነው። እንዴት እንደሚያከብሩት እነሱንም ጠይቋቸው፤ ከእኔ የተሻለ ብልሃት ያላቸው ይኖራሉ።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ። አማቴ ጋዜጣ ያነባሉ፣ የማቀዝቀዣው ነገር አለ።

የጀልባ ነጂ ባለቤት
ከባህር ዳር፣ ሽምብጥ

ማስታወሻ፦ የጎረቤቴ መጥበሻ እስከ ዛሬ እኔ ቤት ነው። በየዓመቱ "መልሽልኝ" ትላለች፣ እኔም "ገና ይለፍ" እላታለሁ። ሥጋ ነክቶት አያውቅም።